የሞተር ማቆሚያው ጨመረ፤ ትምህርቴን ላቁም?

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ፤

ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቀን ቀን ገበያ አካባቢ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ደግሞ ከሱቁ ብዙም በማይርቅ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሻለሁ። በእቁብ የገዛኋት አሮጌ ሞተር አለችኝ። እቁቡ ገና አላለቀም።

ሰሞኑን ኮሌጁ የሞተር ማቆሚያ ዋጋ ጨመረ። በምሽት 10 ብር የነበረው 30 ብር ሆነ። አስቀድሞ የነገረን ሰው የለም። ሰኞ ስንመጣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ለሰው ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ‹ሃያ ብር ምን አላት?› ይሉኛል። እኔ ግን በሳምንት አምስት ምሽት ነው የምማረው። ቤንዚኑም አለ። ከማደያ ሳጣ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እገዛለሁ፤ ዋጋውን እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

ብር ላተርፍ ብዬ ሞተሯን ከግቢው ውጭ ማቆም ጀመርኩ። እዚያ ትንሽ ሳንቲም ተቀብለው የሚጠብቁ ልጆች አሉ። አንድ ማታ ስወጣ ስፖኪዮዋ ተነቅሏል፤ ቤንዚኗም ተቀድቷል። ልጆቹ አላየንም አሉ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ብቀመጥም ልቤ ውጭ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ኮሌጅ ትማራለች፤ ቀን ቡቲክ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ‹ልጄን አደራ፣ ማታ አብራችሁ ግቡ› ስላሉኝ ሁልጊዜ ይዣት እገባለሁ። ሒሳብ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም አንስታው አታውቅም። እናቷ በበዓል ድፎ ዳቦ ይልኩልናል። አሁን ግን ከኋላዬ ስትቀመጥ ውስጤ ይበሳጫል። እንዲህ በመሆኔ ራሴን ታዘብኩት። ከእሷ ጋር ሌላ ነገር የለንም። ግን ‹ብር ጠየቀኝ› ብላ ለእናቷ ብትነግርስ? እናቴስ ምን ትለኛለች?

የክፍል ልጆች ደግሞ ‹ማንም እንዳይከፍል፤ በሩን እንዝጋው› እያሉ ነው። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ሱቁም ከጀርባው ዘበኛ ያለው የዕቃ ግቢ አለው፤ ኑሮው ደህና ነው። ግን ሄጄ ደመወዝ ጨምርልኝ ማለት አልፈልግም። አንዳንዴ ዊዝድሮው ሞልቼ ይህን ሴሚስተር ልረፍ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ከአባይ ማዶ»

ወንድምዓለም፤

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ‹ሃያ ብር ምን አላት?› የሚልህ ሰው ሒሳቡን አልሠራውም። እስቲ እኛ እንሥራው። በሳምንት አምስት ምሽት ማለት በወር ሃያ ምሽት ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ብር የነበረው ወጪህ 600 ብር ሆኗል። ቤንዚን በማደያ ዋጋው እንኳ ሊትሩ ከ100 ብር ያለፈው በ2017 ዓ.ም ነው፤ በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እቁብ አለብህ። የትምህርት ክፍያ አለብህ። ከእናትህ ጋር የምትጋራው የቤት ወጪ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ በወር 400 ብር ሲጨመር በተቀጣሪ ደመወዝ የሚኖር ሰው ይሰማዋል። በዚህ ልታፍር አይገባም።

ጭማሪው ልክ ነው ወይ ካልከኝ፣ አደራረጉ ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሴሚስተር ከተጀመረ በኋላ ሳይነግሩ ዋጋን ሦስት እጥፍ ማድረግ ተማሪን ያስቀይማል። የማታ ተማሪ ሲመዘገብ ወጪውን አስልቶ ነው። ግቢ መጠበቅ፣ መብራት ማብራትና ዘበኛ መቅጠር ገንዘብ እንደሚፈልግ ይገባኛል። ቢሆንም ተማሪው ምን አማራጭ አለው ብሎ መጠየቅም ነበረባቸው።

የማቆሚያ ዋጋ ሲጨምር ሰው ሞተሩን ወይ መኪናውን ቤት የሚተወው ሌላ መምጫ ሲኖረው ነው። ቀን ቢሆን ታክሲም ባጃጅም አለ። ምሽት 2 ሰዓት ከክፍል ወጥቶ አባይ ማዶ የሚገባ ሰው ግን ባጃጅ ቢያገኝ እንኳ ‹ኮንትራት ካልሆነ› ይባላል። ስለዚህ ሞተሩ አልቀረም፤ ከአጥሩ ውጭ ወጣ እንጂ። ስፖኪዮ ተነቀለ፤ ቤንዚን ተቀዳ። በሌላው ሰው ሞተር ወደ ቤታቸው የሚገቡት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ መንገዳቸው አጠራጣሪ ሆነ። ያንተና የጎረቤትህ ልጅ ጉዳይም ከዚሁ የመጣ ነው።

በሌላ አገር ይህን ነገር በደንብ ያሰቡበት አሉ። አሜሪካ ሲያትል ከተማ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 የመኪና ማቆሚያ ዋጋውን ጨምሮ ነበር። ግን ብቻውን አልጨመረም። ተማሪውና ሠራተኛው በትንሽ ክፍያ በአውቶቡስ የሚሄድበትን ፓስ አብሮ አወጣ። ከዚያ በኋላ ብቻውን መኪና እየነዳ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። እኛ ዘንድ ያን የሚያህል የአውቶቡስ አገልግሎት የለም። ሐሳቡን ግን ያዘው፤ ለኮሌጁ ስትጽፉ ይጠቅማችኋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። እኔ እንደማየው ከማቆሚያው ይልቅ እንቅልፍ የነሳህ ይህ ነው።

ከኋላህ ስትቀመጥ መበሳጨትህ ክፉ ሰው አያደርግህም። ሰው የማይችለውን ሸክም ዝም ብሎ ሲሸከም ንዴቱ አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ያርፋል። ወረቀቱን የለጠፈውን ሰው በየቀኑ አታገኘውም። እሷን ግን በየምሽቱ ታገኛታለህ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያንተ ዝምታ ግን እየነቀዘ ነው።

እስቲ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ማቆሚያው መጨመሩን እሷ ታውቃለች? ሞተር ስለሌላት ወረቀቱን ልብ ብላ ላታነበው ትችላለች። ስፖኪዮው የተነቀለ ቀን ምን አለች? አዘነች? ‹ለምን ውጭ አቆምክ?› ብላ ጠየቀችህ? ከጠየቀችህ ምን ብለህ መለስክላት? ‹እንዲሁ ነው› ብለህ አልፈኸው ከሆነ በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ ማለት ነው። የማታውቀውን ነገር ‹ለምን አላነሳሽም?› ብለን ልንቆጣት አንችልም።

ስለ ድፎ ዳቦውም ጽፈሃል፤ ያን በማስታወስህ ደስ ብሎኛል። እናቷ በሚችሉት ሊያመሰግኑህ እየሞከሩ ነው። እነዚህ ሰዎች ውለታ የማያውቁ አይደሉም። ቤንዚን ስንት እንደገባና ማቆሚያው ስንት እንደሆነ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ የዚህን መልስ ለእኔ መጻፍ የለብህም። «ከእሷ ጋር ሌላ ነገር የለንም» ብለሃል። ነገሩ እንዲያ ከሆነ መልካም። ግን በልብህ ትንሽም ብትሆን ነገር ካለች፣ የሚያስፈራህ ብር መጠየቁ ሳይሆን በእሷ ዓይን ማነስህ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለያቸው። የማቆሚያውን ወሬ ከልብህ ወሬ ጋር በአንድ ምሽት አታንሳ። ከቀላቀልካቸው እሷም ግራ ይገባታል፤ የምታዋጣው ገንዘብም ሌላ ትርጉም ይይዛል።

እናስ እንዴት ትጠይቃት? ማታ ሞተር ላይ እያላችሁ አይሁን። እናቷ ቤት በር ላይም አይሁን። በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣችሁ፣ ያልተናደድክበትን ቀን መርጠህ በአጭሩ ንገራት። ለምሳሌ እንዲህ በላት፦ «የሞተር ማቆሚያው እኮ 30 ብር ገባ። ውጭ ማቆም የጀመርኩት ለዚያ ነው። ለብቻዬ ከበደኝ፤ የምትችይውን ብታግዢኝ ግቢ አስገብተን ሳንሳቀቅ እንማራለን።» እዚህ ላይ ቁም። ‹ግድ የለም፣ ከከበደሽ ተይው› ብለህ ወዲያው አትመልሰው። እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች እንደዚያ ማለት ይቀናናል። እሷ አስባ ትመልስ።

«ስንት ላዋጣ?» ካለችህ መልስ ይኑርህ። እኔ ብሆን የሁሉንም ነገር ግማሽ አልጠይቃትም። እሷ ባትኖርም ወደ አባይ ማዶ መሄድህ አይቀርም፤ ቤንዚኑን ያንኑ ያህል ታቃጥል ነበር። እሷም የቡቲክ ተቀጣሪ ናት፤ ደመወዟን ከአንተ ደመወዝ ለይቼ አላየውም። በሳምንት የሁለት ቀን የማቆሚያ ሒሳብ እሷ ብትችል፣ ሌላውንና ቤንዚኑን አንተ ብትይዝ ተገቢ ይመስለኛል። ለእሷ በየምሽቱ ለባጃጅ ከምታወጣው እጅግ ያነሰ ነው። ለአንተ ደግሞ በወር ወደ 240 ብር ይቀልልሃል።

አልችልም ብትልህስ? ያኔም ይዘሃት ግባ እላለሁ። እሷ ከኋላህ ተቀመጠችም አልተቀመጠችም ማቆሚያው ያው 30 ብር ነው። አሁን ግን ሸክምህን አውቃለች፤ አንተም ያለባትን አውቀሃል። ንዴቱ በዚህ ብቻ እንኳ ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አደራውን የተቀበልከው ልጅቷ በሰላም እንድትገባ ነው። ማቆሚያ ስላገዘችህ ያ አደራ አይጎድልም።

ለእናትህ ግን አስቀድመህ ንገራቸው። ሄደው ከጎረቤት ጋር እንዲነጋገሩልህ ብዬ አይደለም። ሁለት ሠራተኛ ሰዎች በእናቶቻቸው በኩል ስለ ሒሳብ መነጋገር የለባቸውም፤ ነገሩን ያገዝፈዋል። ወሬውን ከሰው አፍ ሰምተው እንዳይደነግጡ ብቻ ነው። «እማዬ፣ ማቆሚያው ስለጨመረ ትንሽ እንድታግዘኝ ልነግራት ነው» ብትላቸው ይበቃል። ከወር ወር እንዴት እንደምትደርሱ የሚያውቁት እኮ እሳቸው ናቸው። የፈራኸውን ያህል የሚቆጡህ አይመስለኝም።

በደብዳቤህ ውስጥ ጣል አድርገህ ያለፍካት አንዲት ነገር አለች። ሱቁ ከጀርባው ዘበኛ ያለው ግቢ እንዳለው ጽፈሃል። ኮሌጁም ከሱቁ ብዙ እንደማይርቅ ነግረኸኛል። ታዲያ ሞተሯን ለምን እዚያው አትተዋትም? ከሥራ ስትወጣ በእግርህ ሂድ። ስትመለስ ከልጅቷ ጋር ሆናችሁ ከሱቁ ትወስዷታላችሁ። ከአለቃህ የምትጠይቀው የደመወዝ ጭማሪ አይደለም፤ ለሦስት ሰዓት የምትሆን ቦታ ነው። «እስክማር ድረስ ሞተሬን ጓሮ ባቆማት ቅር ይልዎታል?» በለው። ጥሩ ሰው ነው ብለሃል፤ ዕድሉን ስጠው። ዘበኛውንም አትርሳ። በር የሚከፍትልህ እሱ ነውና በወር አንድ ነገር ብታስይዘው ደስ ይለዋል። በዝናብ ቀን ወይም መንገዱ ጭር በሚልበት ምሽት ግን በእግር አትሂዱ። ያን ቀን ኮሌጅ አስገብታችሁ 30 ብሩን ክፈሉ።

ብስክሌትን አስቤው ነበር። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ድሮም የብስክሌት ከተማ ነበረች። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ሲሆን ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መተላለፊያ አለው። ከአባይ ማዶ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላንተ ግን ለአሁኑ አይሆንም። ልጅቷን ማታ በብስክሌት ይዘህ አትገባም፤ ሰኔ ሲገባም ዝናቡ አለ። እሷ ክፍል በማይኖራት ቀን ከጎረቤት ተውሰህ ብትሞክረው አልከለክልህም።

የክፍል ጓደኞችህን ንዴት እረዳዋለሁ። በሩን እንዝጋ የሚለውን ግን ተወው እላለሁ። በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ዋጋውን አልጨመረም፤ ግርግሩ ግን በእሱና በእናንተ መካከል ነው የሚሆነው። ዛሬ በከተማችን ሰው ተሰብስቦ በር ዘጋ ሲባል ነገሩ ከሞተር ማቆሚያ አልፎ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ስሜ ይያዛል ብለህ ብትፈራም ትክክል ነህ። ደግሞ ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። ጻፉ።

ስትጽፉ ‹ጭማሪው ይነሳልን› ብቻ አትበሉ። መጀመሪያ ያያችሁትን አስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት ያህል ግቢ የሚገባውንና ውጭ የሚቆመውን ሞተር እየቆጠራችሁ መዝግቡ። ዕቃ የተሰረቀበት ማን ነው? ለሞተሩ ሰግቶ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚወጣ አለ? የሚያደርሳት አጥታ የቀረች ሴት ተማሪ አለች? እሷ ራሷ ትናገር። ከዚያ የምትፈልጉትን ለዩ። ለማታ ተማሪ ቅናሽ ያለው ወርሃዊ ካርድ ይኑር። ሰው ደርቦ ለሚመጣ ሞተር ዋጋው ይነስ፤ ሁለት ተማሪ በአንድ ሞተር ሲመጣ አንድ ቦታ ይተርፋል። ብስክሌት በነፃ ይቁም። ለውጥ ሲኖር ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ይነገረን በሉ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ወደ አባይ ማዶ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ኮሌጁ ቢነጋገርልንና ተማሪው ቢከፍልበትስ ብላችሁም አንሱ። የሲያትሉን ታሪክ እዚህ ላይ ጨምሩበት።

ደረሰኝም ጠይቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። 30 ብር የሚከፈለው ሞተሩ እንዲጠበቅ ከሆነ፣ ሲጠፋ ወይም ዕቃው ሲነቀል ማን ነው ኃላፊው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ውል፣ ማለትም ዕቃ ተረክቦ ሊጠብቅ ስለገባ ሰው ኃላፊነት ይናገራል። የእናንተ ማቆሚያ በዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢያያችሁ ጥሩ ነው። ለማንኛውም የታርጋ ቁጥርና ቀን ያለበት ካርኒ በእጃችሁ ይኑር። ካርኒ የማይቆርጥ ግቢ ነገ ‹እዚህ አላቆምክም› ቢልህ ምን ታሳያለህ?

ደብዳቤውን አንተ ብቻህን አትፈርም። በተማሪ ተወካያችሁ በኩል ይግባ፤ ሞተር የሌላቸውም፣ ልጅቷም ይፈርሙበት። አንድ ኮፒ የደረሰበት ቀን ተጽፎበት በእናንተ ዘንድ ይቅር። ዲኑን የሚያነጋግር ደግሞ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ይሁን። እንደ ደብዳቤህ አጻጻፍ አንተ ብትሆን አልጠላም።

ዊዝድሮውን በተመለከተ እንደ እህት የማስበውን በግልጽ ልንገርህ። አሁን አትሙላው። ሦስተኛ ዓመት የደረስከው ቀን ቆመህ እየሠራህ፣ ማታ እየተማርክ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ብለው ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ ሥራው ይበዛል፣ አብረው የጀመሩት ጓደኞች ያልፋሉ፣ ክፍያውም እስከዚያ ይጨምራል። የማቆሚያው ወጪ ከምክንያቶችህ አንዱ እንጂ ብቸኛው ካልሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ደክሞሃል? ውጤትህ ወርዷል? እናትህ ታመዋል? እንዲህ ያለ ነገር ካለ ጻፍልኝ፤ ያኔ ሌላ ምክር ነው የሚያስፈልግህ። ቅጹን ከመንካትህ በፊትም ሬጅስትራር ሄደህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የከፈልከው ገንዘብ ይመለሳል ወይ፣ ስትመለስ በየትኛው ዓመት ክፍያ ትቀጥላለህ፣ የምታቆማቸው ኮርሶች በማታው ፕሮግራም መልሰው የሚሰጡት መቼ ነው። የመጨረሻው እንደ ቀላል የሚታይ ነው፤ በማታ ፕሮግራም አንድ ኮርስ ካመለጠ ግን አንዳንዴ ዓመት ያስጠብቃል።

እስከዚያው ሞተሯን ውጭ አታቁማት። ከአለቃህ ጋር እስክትነጋገር ድረስ የዚህን ሳምንት ሒሳብ ክፈልና ልብህን ይዘህ ክፍል ግባ። የተነቀለ ስፖኪዮ ለመተካት የምታወጣው ከሳምንቱ ማቆሚያ እንደሚበልጥ መለዋወጫ ለሚሸጥ ሰው አልነግረውም። ቀጥሎ አለቃህን አነጋግር፤ ከዚያ እናትህን፣ ከዚያ ልጅቷን። የኮሌጁ ደብዳቤ የጋራ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ እሱን አትጠብቅ። መልስ ሲሰጧችሁ ምን እንዳሏችሁ ላክልኝ። ሌሎች የማታ ተማሪዎችም እንዲጠቀሙበት እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።